የዴስክቶፕ ኮምፒውተርን የፊት ቁልፎችና ጠቋሚ መብራቶች አንብቦ መረዳት፦ ዝርዝር መመሪያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች፣ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶም ሆነ በለገጣፎ፣ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ዛሬም ከዋና የሥራ መሣሪያዎች አንዱ ነው። የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቱ፣ የግል ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ የመድኃኒት መደብሩና የሕንፃ መሣሪያ መሸጫው የሚጠቀሙባቸው ማሽኖች ብዙዎቹ ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የገቡ የዴል፣ የኤችፒ ወይም የሌኖቮ ሥሪቶች ናቸው። እነዚህ ማሽኖች ለቢሮ ሥራ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበትና አቧራ በማይጠፋበት አካባቢ ግን አንዳንዴ አልነሣም ይላሉ። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ሳጥኑን ተሸክሞ፣ ታክሲ ተሳፍሮ መሀል ከተማ ወዳለ ጥገና ቤት ይሄዳል፤ የሥራ ቀኑ ያልፋል፣ ገንዘቡም ይወጣል። ማሽኑ ግን ብዙ ጊዜ ምን እንደሆነ ከፊቱ ባሉት ትንንሽ መብራቶች አስቀድሞ ተናግሯል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እነዚያን ምልክቶች ማንበብ የሚፈልግ ሰው፣ የትኛውን ቁልፍ መቼ መጫንና መቼ አለመጫን እንዳለበት ለይቶ እንዲያውቅ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ኤሌክትሪኩ ማሽኑ ጋ መድረሱን ማረጋገጥ

ፊት ለፊት ምንም መብራት ካልታየ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብሎ ከመደምደም በፊት፣ ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ሶኬት ተነሥቶ እስከ ሳጥኑ ጀርባ የሚያልፍበትን መንገድ አንድ በአንድ መከተል ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክተው ስልኩ ቻርጅ ማድረግ መጀመሩን ይመልከቱ። ቀጥሎ ዲቫይደሩን ይዩ፤ የራሱ ማብሪያ ካለው መብራቱን ያረጋግጡ። ስታቢላይዘር የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ብዙ ስታቢላይዘሮች ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ወዲያውኑ አያስተላልፉም፣ ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቃሉ። ያ የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልቅ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ምንም አያመጣም።

ከዚያ ወደ ሳጥኑ ጀርባ ይዙሩ። የኃይል ገመዱ ሙሉ በሙሉ መግባቱን በእጅዎ ገፋ አድርገው ያረጋግጡ። ገመዱን ከተጠራጠሩ የሞኒተሩን ገመድ ነቅለው ይሞክሩት፤ ባብዛኛው ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። በአንዳንድ ሳጥኖች ጀርባ የ1 እና የ0 ምልክት ያለበት ማብሪያ አለ፤ 1 የበራበት፣ 0 የጠፋበት ነው። የጽዳት ሠራተኛ ወይም ልጅ ሳያውቅ ነክቶት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከልብ ላስጠነቅቅ እወዳለሁ። በአንዳንድ ቆየት ባሉ ፓወር ሰፕላዮች (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች ወደሚስማማ ኃይል የሚለውጡት ክፍሎች) ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ ይህ ማንሸራተቻ ሁልጊዜ 230 ላይ መሆን አለበት። ማሽኑ የመጣው 110 ወይም 120 ቮልት ከሚጠቀም አገር ከሆነና ማንሸራተቻው 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ያገለገለ ማሽን ገዝተው ቤት ሲያደርሱ፣ ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት ይህንን ይመልከቱ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያላቸው አዳዲሶቹ በራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ማንሸራተቻ የላቸውም።

የማብሪያው ቁልፍ

የማብሪያውን ቁልፍ ከሌሎቹ የሚለየው ምልክቱ ነው፤ ክብ ሆኖ አናቱ ላይ አጭር ቀጥ ያለ መስመር አለው። ብዙ ሰው ይህ ቁልፍ ኤሌክትሪክን የሚያስገባና የሚቆርጥ ይመስለዋል። በጥንቶቹ ማሽኖች እውነትም እንዲያ ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያስተዋወቀው ኤቲኤክስ የተባለው አሠራር ከተስፋፋ ወዲህ ግን ቁልፉ ለማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ለሚገጠሙበት ዋና ሰሌዳ፣ መልእክት ከማስተላለፍ ያለፈ ሥራ የለውም። ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት የሆነ ተጠባባቂ ኃይል ለማዘርቦርዱ ይሰጣል፤ ማዘርቦርዱም በዚያ ኃይል ነቅቶ ቁልፉ እስኪጫን ይጠብቃል። ስለዚህ ሳጥኑን ለመክፈት ሲያስቡ ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ገመዱ መነቀል አለበት።

ቁልፉ ሁለት ዓይነት አጫጫን አለው፤ ውጤታቸውም የተለያየ ነው። ማሽኑ በርቶ ሳለ አንዴ ነካ አድርገው ሲለቁት መልእክቱ የሚደርሰው ለዊንዶውስ ነው፤ ዊንዶውስም የተከፈቱትን ሥራዎች ዘግቶ በሥርዓት ይጠፋል፣ ወይም እንደተስተካከለበት ይተኛል። ከ4 ሰከንድ በላይ ተጭነው ከያዙት ግን ዊንዶውስን የሚጠይቀው የለም፤ ኃይሉ ወዲያውኑ ይቋረጣል። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ሃርድ ዲስኩ በዚያች ቅጽበት እየጻፈ ከነበረም ፋይል ሊበላሽ፣ አንዳንዴም ዊንዶውስ ራሱ በሚቀጥለው ጊዜ አልነሣም ሊል ይችላል። ስለዚህ ተጭኖ መያዝ የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት ምን መመልከት እንደሚገባ ስለ ዲስኩ መብራት በሚናገረው ክፍል እመለስበታለሁ።

ነካ ሲደረግ ማሽኑ ምን እንዲያደርግ መወሰን የሚችሉት እርስዎ ነዎት። ኮንትሮል ፓነልን ከፍተው ሃርድዌር ኤንድ ሳውንድ፣ ከዚያም ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ይግቡ፤ በግራ በኩል የማብሪያው ቁልፍ የሚያደርገውን ለመምረጥ የሚያስችለውን መስመር ይጫኑ። እዚያ ውስጥ ምንም አለማድረግ፣ መተኛት፣ ሃይበርኔት ማድረግና መዝጋት የሚሉ ምርጫዎች ያገኛሉ፤ ሃይበርኔት ማለት ሥራውን ዲስኩ ላይ ጽፎ መጥፋት ሲሆን በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ላይታይ ይችላል። ደንበኛ እየተጋፋ ቁልፉን በጉልበቱ ሊነካ በሚችልበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ምንም አለማድረግን እመርጣለሁ፤ ለቤት ግን መዝጋት የተሻለ ነው።

የኃይል ጠቋሚው መብራት

ይህ መብራት በማብሪያው ቁልፍ ላይ ወይም አጠገቡ ይገኛል። ቀለሙ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ነጭ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ሳይቋረጥ ከበራ ማሽኑ ነቅቶ እየሠራ ነው። ቀስ እያለ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም ደመቅ ደብዘዝ ካለ ማሽኑ ተኝቷል። ጨርሶ ካልበራ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ሃይበርኔት አድርጓል፣ ወይ ኤሌክትሪክ አላገኘም። ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከሆነ ባብዛኛው ችግር መኖሩን የሚናገር ነው፤ በአንዳንድ ቆየት ባሉ ማሽኖች ግን ብርቱካናማው እንቅልፍን ያመለክታል።

በመተኛትና በሃይበርኔት መካከል ያለው ልዩነት ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ተራ ነገር አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲተኛ የተከፈተው ሥራ ሁሉ የሚቀመጠው ራም በተባለው የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው፤ ራም ደግሞ ኃይል እስካገኘ ድረስ ብቻ ያስታውሳል። እየተብለጨለጨ ትተውት ሲወጡ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ያላስቀመጡት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ሃይበርኔት ግን ሁሉንም ነገር ዲስኩ ላይ ጽፎ ይጠፋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ ባይኖር እንኳ ጠዋት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሃይብሪድ ስሊፕ የሚባለው አማራጭ ሁለቱንም በአንድነት ስለሚሠራ ማሽንዎ ካለው እንዲበራ ቢያደርጉት ይጠቅማል። ከሌለው ግን ወደ ቤት ከመሄድዎ በፊት መብራቱ እየተብለጨለጨ ወይስ ጨርሶ ጠፍቶ እንደሆነ ዞር ብሎ ማየትን ልማድ ማድረግ ይገባል።

የሞኒተሩን መብራት ከኮምፒውተሩ መብራት ጋር መቀላቀልም የተለመደ ስሕተት ነው። ሞኒተሩ የራሱ ቁልፍና የራሱ ጠቋሚ አለው። የሞኒተሩ መብራት ብርቱካናማ ሆኖ፣ ወይም እየተብለጨለጨ፣ ስክሪኑ ከጠቆረ ሞኒተሩ ደኅና ነው፤ ከኮምፒውተሩ ምስል እየደረሰው አይደለም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ዓይንዎን ወደ ሳጥኑ፣ ማለትም በተለምዶ ሲፒዩ ወደምንለው ክፍል ያዙሩ። የሳጥኑ መብራት በደንብ ከበራ የምስል ገመዱን ይፈትሹ፤ እየተብለጨለጨ ከሆነ ኪቦርዱን ነካ አድርገው ወይም የማብሪያውን ቁልፍ አንዴ ተጭነው ያንቁት። ሞኒተሩን ደጋግሞ እያጠፉ ማብራት የተኛውን ኮምፒውተር አያነቃውም።

የዲስኩ መብራት

ከሁሉም በላይ የምወደውና ብዙ ሰው የማያየው መብራት ይህ ነው። ከኃይሉ መብራት አጠገብ ሆኖ ብዙ ጊዜ የሲሊንደር ቅርጽ ያለው ምልክት አለው። ሃርድ ዲስኩ ወይም ኤስኤስዲው (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣኑ ዲስክ) ሲያነብና ሲጽፍ ይበራል፣ ሥራ ሲያቆም ይጠፋል። ስለዚህ ማሽኑ ውስጥ ሥራ እየተካሄደ መሆኑን ስክሪኑ ባያሳይም እንኳ ይህ መብራት ያሳያል።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ሲነሣ መብራቱ ሳያቋርጥ ወይም በፍጥነት እየተብለጨለጨ ይቆያል፤ ከተነሣ በኋላ አልፎ አልፎ ብቻ ብልጭ ይላል። ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ማውሱ አልንቀሳቀስ ሲል የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ለመያዝ እጅዎ ከመሄዱ በፊት ይህንን መብራት ይመልከቱ። ያለ ሥርዓት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ማሽኑ በሥራ ተጨናንቋል እንጂ አልሞተም፤ በተለይ ኤስኤስዲ የሌለውና ራሙ አነስተኛ የሆነ ማሽን ዊንዶውስ ራሱን በሚያድስበት ጊዜ ለረጅም ደቂቃዎች እንዲህ ሊሆን ይችላል። ይጠብቁት። መብራቱ ለብዙ ደቂቃ አንዴም ብልጭ ሳይል ከቆየ፣ የኪቦርዱ ካፕስ ሎክ ቁልፍ ሲጫንም የኪቦርዱ መብራት ካልተለወጠ ማሽኑ በእርግጥ ደርቋል፤ ያኔ ተጭኖ መያዝ ተገቢ ነው። በሌላ በኩል መብራቱ ሳይቋረጥ በርቶ ከቀረና ከሳጥኑ ውስጥ የሚደጋገም የመንቋቋት ድምፅ ከተሰማ ሃርድ ዲስኩ በመድከም ላይ ነውና ሌላ ነገር ከማድረግዎ በፊት ዋና ዋና ሰነዶችዎን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ።

ይህ መብራት ኤሌክትሪክ ሊሄድ መሆኑ በሚያስታውቅበት ጊዜም ይጠቅማል። አምፖሎቹ ደብዘዝ ደመቅ ማለት ሲጀምሩ፣ ወይም ዩፒኤሱ (ባትሪ ያለው የመጠባበቂያ ኃይል መሣሪያ) መጮኽ ሲጀምር፣ ሥራዎን አስቀምጠው ማሽኑን ይዝጉና የዲስኩ መብራት ጸጥ እስኪል፣ ከዚያም የኃይሉ መብራት እስኪጠፋ ይጠብቁ። ስክሪኑ መጥቆሩ ብቻ መዘጋቱን አያረጋግጥም። ሁለቱም መብራቶች ሳይጠፉ ዲቫይደሩን ማጥፋት ቁልፉን ተጭኖ ከመያዝ አይለይም። ዩፒኤስ ለሌለው ሰው ደግሞ ማወቅ የሚገባው ልክ አለ፤ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ጭነት ላይ ሳለ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ማሽኑን ይዞ እንዲያቆይ የሚጠበቅበት ጊዜ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። አምፖሉ ለዓይን የሚታይ ያህል ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱን እንደገና ቢያስነሣ የሚያስገርም አይደለም፤ የማሽኑም ብልሽት አይደለም።

መብራቱ ፈጽሞ የማይበራ ከሆነ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ በደንብ እየሠራ ከሆነ ወይ የመብራቱ ሽቦ ተገልብጦ ተሰክቷል፣ ወይ ኤንቪኤምኢ የተባለው የዲስክ ዓይነት ከዚህ መብራት ጋር በማይገናኝበት ማዘርቦርድ ላይ ተገጥሟል፤ ሁለቱም ጉዳት የላቸውም። ዊንዶውስ ካልተነሣና ስክሪኑ የማስነሻ ዲስክ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ካሳየ ግን የዲስኩን ሁለት ገመዶች መፈተሽ ያስፈልጋል።

እንደገና ማስነሻው ቁልፍ

ሪሴት የሚባለው ትንሹ ቁልፍ ማሽኑን ኃይል ሳይቋረጥበት ከመጀመሪያው ያስነሣዋል። እንደ ዴልና ኤችፒ ባሉ የቢሮ ማሽኖች ላይ ባብዛኛው የለም፤ በአገር ውስጥ በተገጣጠሙት ላይ ግን ይገኛል። ተጭኖ ከመያዝ ይልቅ ለሃርድዌሩ የዋህ ነው፤ ላልተቀመጠ ሥራ ግን ያው ነው፣ አይምርም። በዊንዶውስ ውስጥ ካለው ሪስታርት ጋርም አንድ አይደለም፤ ያኛው በሥርዓት ይዘጋል፣ ይህኛው ግን ይቆርጣል። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ሪስታርትን ይጠቀሙ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርትአፕ የተባለው አሠራር ከበራ፣ ማሽኑን ዘግቶ መልሶ ማብራት የቆየውን ችግር መልሶ ሊያመጣው ይችላል፤ ሪስታርት ግን ሁሉንም ከአዲስ ይጀምራል።

መብራቱ የችግር ምልክት ሲያሳይ

ማሽኑን ሲያበሩ ማራገቢያው ዞሮ ስክሪኑ ምንም ካላሳየና የኃይሉ መብራት በብርቱካናማ ወይም በቀይ ከተብለጨለጨ ማሽኑ ችግሩን በቁጥር እየነገርዎት ነው። የሚብለጨለጨውን መቁጠር፣ ከእረፍቱ በኋላም እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል። በስልክ ቪዲዮ ቢቀርጹት ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ቪዲዮውን ለባለሙያ በቴሌግራም ልከው ሳጥኑን ሳያንቀሳቅሱ ምክር ማግኘት ይችላሉ።

በኤችፒ ማሽኖች ላይ ሁለት ዓይነት አነባበብ አለ። ቆየት ያሉት ቀዩን መብራት በየሰከንዱ አንዴ እያበሩ ከድምፅ ጋር ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ለሁለት ሰከንድ ያርፋሉ። 2 ከሆነ ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሞቋል፣ 4 ከሆነ ችግሩ የፓወር ሰፕላዩ ነው፣ 5 ከሆነ የራም፣ 7 ከሆነ የማዘርቦርዱ። ድምፁ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ዝም ቢልም መብራቱ ይቀጥላል። አዳዲሶቹ ደግሞ በመጀመሪያ ረዘም ያሉ ቀይ፣ ቀጥሎ አጠር ያሉ ነጭ ብልጭታዎችን ያሳያሉ። የቀዩ ቁጥር 2 ከሆነ ነገሩ የባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ነው፣ 3 የሃርድዌር፣ 4 የሙቀት፣ 5 የማዘርቦርድ ነው። ለምሳሌ 3 ቀይና 2 ነጭ የሚያመለክተው ራሙን ነው።

በዴል ኦፕቲፕሌክስ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ብርቱካናማው መብራት ሁለት ቁጥሮችን በእረፍት ለይቶ ይናገራል። 2 ከዚያም 3 ሲል በብዙ ሞዴሎች ራሙ በተጠርጣሪዎቹ መካከል አለበት። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 2 ከዚያም 4 በአንዱ ሞዴል የባዮሱን ባትሪ፣ በሌላው ራሙን ያመለክታል። ስለዚህ የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ከሳጥኑ ላይ አንብበው የዚያኑ ሞዴል መመሪያ ከዴል ድረ ገጽ ላይ መመልከት ይገባል፤ ከሌላ ሞዴል የተወሰደ ሰንጠረዥ ደኅናውን ዕቃ ያስለውጣል። ብዙዎቹ ኦፕቲፕሌክሶች በተጨማሪ ከጀርባ፣ ከኃይል ገመዱ መግቢያ አጠገብ፣ አነስተኛ የመፈተሻ ቁልፍና አረንጓዴ መብራት አላቸው። ገመዱ ተሰክቶ ቁልፉን ሲጫኑት አረንጓዴው ከበራ ፓወር ሰፕላዩ ኃይል እየሰጠ ነው፤ ካልበራ የሚጠረጠረው እርሱ ነው።

ምልክቱ ራም ከሆነ ብዙ ጊዜ መፍትሔው በእጅዎ ነው። ገመዱን ይንቀሉ፤ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ሳጥኑን ከፍተው ያልተቀባ የብረት ክፍሉን በእጅዎ ይንኩ፤ ይህ በሰውነትዎ ያለው የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ ይረዳል። በራሙ ዳርና ዳር ያሉትን መያዣዎች ከፍተው ያውጡት፤ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ጠርገው ፍርፋሪውን ያራግፉ። መያዣዎቹ ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ድረስ መልሰው ይግጠሙት። ሁለት ራሞች ካሉ አንዱን ብቻ ገጥመው ይሞክሩ፣ ከዚያ ሌላውን፤ በሽተኛው የትኛው እንደሆነ በዚህ ይለያል።

አቧራና ተጭኖ የቀረ ቁልፍ

የውስጥ መንገዶቻቸው ገና አስፋልት ባላዩ መንደሮች ውስጥ በበጋ ወራት የሚነሣው አቧራ ሌላ ጣጣ አለው። ማራገቢያዎች አየሩን የሚስቡት ባብዛኛው በሳጥኑ ፊት ስለሆነ አቧራው መጀመሪያ የሚያርፈው በቁልፎቹ ዙሪያ ነው፤ ከእጅ ቅባት ጋር ሲቀላቀል ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ ይበራል፣ ከ4 ወይም ከ5 ሰከንድ በኋላ በራሱ ይጠፋል። ቁልፉ እንደተጫነ ስለቀረ ማሽኑ አንድ ሰው ሊያጠፋው እየያዘው ያለ ይመስለዋል። ብዙ ሰው ይህንን የፓወር ሰፕላይ ብልሽት አድርጎ ይወስደውና ያለ አግባብ ያስለውጣል። ሪሴቱ ተጭኖ ከቀረ ደግሞ ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ምንም አያሳይም።

ገመዱን ነቅለው ቁልፉን በፍጥነት ደጋግመው ይጫኑ፤ እንደ ቀድሞው ወደ ውጭ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ይሞክሩት። ካልሆነ የፊት ሽፋኑን አውልቀው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ውኃ አይጠቀሙ። ብሎወር ሲጠቀሙ የማራገቢያውን ክንፎች በጣትዎ ይያዙ፤ በነፋሱ ኃይል በጣም ሲሽከረከር ሊጎዳ ይችላል። በተገጣጠመ ማሽን ላይ ሪሴቱ አልላቀቅ ካለ ሽቦውን ከማዘርቦርዱ ላይ ነቅሎ መተው ይቻላል፤ ማሽኑ ያለ ሪሴት በደንብ ይሠራል።

የፊት ሽቦዎች በማዘርቦርዱ ላይ

በተገጣጠሙ ማሽኖች ላይ ከፊት ያሉት ሁለት ቁልፎችና ሁለት መብራቶች በቀጫጭን ሽቦዎች ወደ ማዘርቦርዱ ይሄዳሉ። የሚሰኩበት ቦታ ብዙ ጊዜ በማዘርቦርዱ ጥግ በታች በኩል ሲሆን ኤፍ ፓነል፣ ፓነል ወይም ጄኤፍፒ1 የሚል ጽሑፍ አለው። ብዙ ማዘርቦርዶች የሚከተሉት አቀማመጥ በሁለት ረድፍ ነው፤ በአንዱ ረድፍ ጎዶሎዎቹ፣ በሌላው ሙሉዎቹ ቁጥሮች ናቸው፤ 10ኛው ቦታ ላይ መርፌ የለም። 1 እና 3 የዲስኩ መብራት፣ 2 እና 4 የኃይሉ መብራት፣ 5 እና 7 ሪሴት፣ 6 እና 8 የማብሪያው ቁልፍ ናቸው። የቁልፎቹ ሽቦዎች ቢገለበጡም ይሠራሉ። መብራቶቹ ግን አዎንታዊና አሉታዊ ጎን አላቸው፤ አዎንታዊው 1 እና 2 ላይ ነው፣ ነጭ ወይም ጥቁር ሽቦ ባብዛኛው አሉታዊው ነው። ተገልብጠው ከተሰኩ አይበሩም እንጂ አይቃጠሉም፤ ገልብጦ መሰካት ይበቃል።

የማብሪያው ቁልፍ ራሱ መሥራቱን ለመለየት ሽቦውን ነቅለው በካቻቢቴ ጫፍ 6ኛውንና 8ኛውን መርፌ ለአንድ አፍታ ያገናኙ። ማሽኑ ከተነሣ የተበላሸው ቁልፉ ወይም ሽቦው ነው። እዚያ ያለው ቮልት ዝቅተኛ ስለሆነ ሰውን አይጎዳም፤ ሌሎች መርፌዎችን ግን እንዳይነኩ ይጠንቀቁ። ሥራ መቆም ከሌለበት የሪሴቱን ሽቦ በማብሪያው ቦታ ሰክቶ ሪሴቱን ለጊዜው ማብሪያ ማድረግ ይቻላል። የዴልና የኤችፒ ሽቦዎች ግን በአንድ ራስ ተጠቃለው የሚሰኩና የራሳቸው አቀማመጥ ያላቸው ስለሆኑ ይህ ቁጥር አይሠራባቸውም።

የቀሩት የፊት መሰኪያዎች

ዩኤስቢው ውስጡ ሰማያዊ ከሆነ ዩኤስቢ 3 ነው፤ ትልልቅ ፋይሎች የሚገለብጡት በእርሱ ይሁን። ጥቁሩ ለኪቦርድና ለማውስ ይበቃል። የተለመደው ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው ኃይል 500 ሚሊ አምፒር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው፤ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ በፊቱ መሰኪያ ላይ እየተቋረጠ ካስቸገረ ከጀርባ፣ በቀጥታ ከማዘርቦርዱ ላይ ይሰኩት። አረንጓዴው ቀዳዳ የኢርፎን፣ ሮዙ የማይክ ነው፤ ማይክ ያለው የኢርፎን ሥዕል ካለበት በአንድ ገመድ ሁለቱንም ይቀበላል። የዲቪዲ ማጫወቻው ዲስክ ይዞ አልወጣም ካለ ማሽኑን አጥፍተው ከፊቱ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ቀጥ ያለ ሽቦ አስገብተው ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል።

ኤሌክትሪክ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይበራ

አንድ ማስተካከያ ቀረ፤ በዚህ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ከሁሉም የበለጠ የሚጠቅመው እርሱ ይመስለኛል። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቱ ከፍና ዝቅ ሊል፣ ደግሞም ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። ማሽኑ በራሱ የሚበራ ሆኖ ከተስተካከለ ማንም በሌለበት ይነሣል፣ ዊንዶውስ እየተነሣ ሳለ እንደገና ይቆረጣል፤ ይህ ሲደጋገም ዲስኩ ይጎዳል። ስለዚህ ማሽኑን አስነሥተው ወዲያው የባዮስ መግቢያውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በብዙ የሌኖቮ ዴስክቶፖች ኤፍ 1 ነው፤ በተገጣጠሙት ላይ ባብዛኛው ዲሊት ወይም ኤፍ 2 ነው። ከኃይል ጋር በተያያዘው ገጽ ውስጥ በዴል ኤሲ ሪከቨሪ፣ በኤችፒ አፍተር ፓወር ሎስ የሚለውን ፈልገው ኦፍ ወይም ፓወር ኦፍ ያድርጉት፤ ከዚያ አስቀምጠው ይውጡ።

መሥራቱን እንዲህ ይፈትኑት። ማሽኑን በሥርዓት ዘግተው ዲቫይደሩን ያጥፉ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩና መልሰው ያብሩት። የኃይሉ መብራት ሳይበራ ከቆየ ማስተካከያው ይዟል። በራሱ ከበራ ተመልሰው ባዮስ ውስጥ ይግቡና ቀኑንና ሰዓቱን ይመልከቱ፤ እነርሱም ወደ ኋላ ሄደው ካገኟቸው ማስተካከያውን የሚይዘው ሲአር2032 የተባለው የ3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቋል። ባትሪው ከኤሌክትሮኒክስ መሸጫዎች በቀላሉ ይገኛል፤ ገመዱ ተነቅሎ፣ አዎንታዊ ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ይገጠማል፤ ከዚያ ቀኑንና ይህንኑ ማስተካከያ እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል።